ደምና አጥንት በአንድ ምድብ? ስለ ህብረ ህዋሳት ግራ የገባኝ ነገር

የወደፊቷ ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመጀመሪያ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አራቱን የህብረ ህዋስ ዓይነቶች ከነሰንጠረዡ ሸምድጃቸዋለሁ። ኤፒተሊያል ይሸፍናል፣ ኮኔክቲቭ ይደግፋል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ነርቭ መልእክት ያደርሳል፤ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም አልስተውም። ጥያቄው ከሰንጠረዡ ትንሽ ወጣ ካለ ግን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

ደም ከአጥንት ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ምን ይሰራል? አንዱ ይፈሳል፣ አንዱ በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። ስብም እዚያው ተደርቧል። ቆዳን ደግሞ መምህራችን «እሱ ህብረ ህዋስ አይደለም፣ አካል ነው» ብለው አለፉት፤ ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሰዓቱ አለቀ። ልብ ደግሞስ? በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ክንድ ጡንቻ አግድም መስመሮች አሉት ይባላል፤ ግን እንደ ጨጓራ ጡንቻ በፈቃዳችን አይሰራም። የየትኛው ወገን ነው?

ሰንጠረዥ አትላኩልኝ፣ ሞልቶኛል። ነገሩ እንዴት እንደሚታሰብ የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ቶሎ ቶሎ፦

እህት፣ አታካብጂው። የሚሸፍን፣ የሚደግፍ፣ የሚንቀሳቀስ፣ የሚያወራ፤ ለፈተናው ይሄ ይበቃሻል። ደም «የሚደግፍ» ስር ነው፤ ለምን አትበይ፣ ጻፊና ውጪ። እኔ እንደዚያ ነው ያለፍኩት።

ስላይድ ቆራጩ፦

ወንድማችን ለፈተናው መልሷል። አንቺ የጠየቅሽው ግን ሌላ ነገር ስለሆነ እኔ ረዘም ላድርገው።

ስራዬ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሰው የተወሰደ ናሙና እንዳይበሰብስ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ይመጣልኛል። ውሃውን በአልኮል አስወጣለሁ፣ ዛይሊን በሚባል ማሟሚያ አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ የቀለጠ ፓራፊን ሰም አስጠጥቼ እንዲረጋ አደርገዋለሁ። የረጋውን ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ላይ አስሬ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት እንዲኖረው እቆርጠዋለሁ፤ 200 ያህሉ ተደራርበው ገና 1 ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ለብ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሲዘረጋ ስላይድ በሚባለው መስታወት አነሳውና ቀለም እነክረዋለሁ። ሄማቶክሲሊን ኒውክለሱን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ።

እንግዲህ ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ላይ ሳስቀምጥ መጀመሪያ የማየው ህዋሱን አይደለም። በህዋስና በህዋስ መካከል ያለውን ነው። የአንቺም ጥያቄ ግማሹ የሚፈታው እዚያ ነው።

ኤፒተሊያል ከሆነ መካከሉ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ህዋሳቱ ጎን ለጎን ተጠባብቀዋል፣ እርስ በእርስ ተቆላልፈዋል። ደም ስር እንኳን በመካከላቸው አያልፍም፤ ምግብና ኦክስጅን ከስር ካለው ክፍል ሰርጎ ነው የሚደርሳቸው። ሁልጊዜ አንድ ፊታቸው ወደ ክፍት ቦታ ያያል፣ ሌላው ቤዝመንት ሜምብሬን በሚባል ስስ ንጣፍ ላይ ተተክሏል። ይህን ካየሽ በኋላ ቅርጹ ራሱ ስራውን ይነግርሻል። የሳንባ ከረጢቶች ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ያውም ጠፍጣፋ፤ አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ በአብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር በታች ነው፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ቶሎ ማለፍ አለበት። የምግብ ቧንቧ ላይ ግን ድርብርብ ነው፤ ደረቅ ጉርሻ ሲፍቀው የላይኛው ረድፍ ይረግፋል፣ ከስር ሌላ ይመጣል። የሽንት ፊኛ ላይ ያሉት ደግሞ ፊኛው ባዶ ሲሆን ጉብ ጉብ ይላሉ፣ ሲሞላ ይለጠጣሉ።

ከሁሉም የአየር ቧንቧውን እወዳለሁ። ረዣዥም ህዋሳት፣ አናታቸው ላይ ሲሊያ የሚባሉ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ፀጉሮች፣ በየመሃሉ ንፍጥ የሚያመነጩ ህዋሳት። ንፍጡ አቧራ ይይዛል፣ ሲሊያው ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል። ለዓመታት ያጨሰ ሰው ናሙና ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ቦታ ቦታው ላይ ጠፍቶ በምትኩ የምግብ ቧንቧውን የመሰለ ድርብርብ ጠፍጣፋ ሽፋን በቅሎ አገኘዋለሁ። ህዋሱ ጭሱን መቋቋም ቻለ፤ አክታውን የሚገፋ ግን ጠፋ፣ ስለዚህ ሰውየው በሳል ሊያወጣው ይታገላል። ሽፋን «ይሸፍናል» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደምና አጥንት። በኮኔክቲቭ ህብረ ህዋስ ነገሩ ይገለበጣል። ህዋሳቱ ተራርቀው ተበትነዋል፤ ስራውን የሚሰራው በአብዛኛው በመካከላቸው ያለው ነገር ነው፣ ማትሪክስ የምንለው። ጅማት ላይ ማትሪክሱ በአንድ አቅጣጫ የተሰደረ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር ነው፣ ስለዚህ ሲሳብ አይበጠስም። ልም አጥንት ላይ ውሃ የቋጠረ ጄል ነው፣ ስለዚህ ጫና ይችላል። ደም ላይ ፈሳሽ ነው፤ ፕላዝማ፣ ከደሙ መጠን 55 በመቶ ያህል። አጥንት ላይ ኮላጅኑ በካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ተሞልቷል። በአራቱም ዘንድ አሰራሩ አንድ ነው፤ የተበታተኑ ህዋሳት፣ በመካከላቸው ብዙ ማትሪክስ። የሚለያዩት ማትሪክሱ በመፍሰሱና በመጠንከሩ ነው።

«ደም ውስጥ ክሩ የታለ?» ብትዪ ተሟሙቶ ነው ያለው። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ፕላዝማው ውስጥ ይዞራል፤ ደም ስር ሲቆረጥ ፋይብሪን ወደሚባል ክር ተለውጦ መረብ ይሰራል፣ ደሙም ይረጋል። የደምና የአጥንት ዝምድና በዚህ አያበቃም። ሁለቱም ፅንሱ ውስጥ ሜሶደርም ከሚባለው ንብርብር ነው የሚመጡት፣ አዋቂ ሰው ላይም የደም ህዋሳት የሚወለዱት አጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።

አጥንት እንደሚመጣልኝ አልቆርጠውም፣ ምላጩን ያበላሸዋል። መጀመሪያ አሲድ ወይም ኢዲቲኤ የሚባል ካልሲየም የሚስብ ኬሚካል ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ማዕድኑ ሟሙቶ ሲወጣ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል፣ ግን በእጅ ይታጠፋል። በተቃራኒው አጥንት በእሳት ቢቃጠል ማዕድኑ ይቀራል፣ ኮላጅኑ ይጠፋል፤ ቅርጹን ይዞ ይቆይና ሲነኩት ይፈረፈራል። ጭድ የሌለው ጭቃ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው።

ስብ ግን ህጌን ያፈርስብኛል፣ አልደብቅሽም። የስብ ህዋሳት ግጥም ብለው ነው የተቀመጡት፣ ማትሪክስ ትንሽ ነው። ኮኔክቲቭ የተባለው በዘሩ ነው፤ ከዚያው ከሜሶደርም ከሚመጡ ህዋሳት ስለሚወለድ። ስላይድ ላይ ደግሞ ባዶ ነጭ ቀለበት ሆኖ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም አልኮሉና ዛይሊኑ ስቡን አጥበው ወስደውታል። የመጽሐፉን ሥዕል አይተሽ «ውስጡ ባዶ ነው» እንዳትዪ። ስቡን ራሱን ማየት የፈለገ ናሙናውን አቀዝቅዞ ነው የሚቆርጠው።

ቆዳን መምህርሽ በትክክል ነው ያለፉት። የላይኛው ኤፒደርሚስ ኤፒተሊያል ነው፣ ከስሩ ያለው ደርሚስ ኮኔክቲቭ ነው፣ ፀጉርሽን የሚያቆም ትንሽ ጡንቻ አለው፣ የነርቭ ጫፎች ሞልተውታል። አራቱም ተባብረው አንድ ስራ ሲሰሩ አካል ይባላል። ላይ ላዩን የተጫረ ቆዳ የማይደማው ኤፒደርሚስ ውስጥ ደም ስር ስለሌለ ነው። ንቅሳትም የሚቆየው ቀለሙ ደርሚስ ላይ ስለሚያርፍና እዚያ ያሉ ማክሮፌጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ ህዋሳት) ውጠው ስለሚይዙት ነው፤ ኤፒደርሚስ ላይ ቢቀር ከሳምንታት በኋላ ከሚረግፈው ቆዳ ጋር አብሮ በሄደ።

አንድ ስላይድ ብቻ የማየት ዕድል ካገኘሽ የቀጭን አንጀት ይሁን። ከውስጥ ወደ ውጭ ሂጂበት። መጀመሪያ ምግብ የሚመጥጥ ረድፍ፣ አንድ ንብርብር፣ ረዣዥም ህዋሳት። ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ሁሉም ረግፈው በአዲስ ይተካሉ። ከስሩ ደም ስርና ሊምፍ የሚያልፍበት ልል ኮኔክቲቭ። ቀጥሎ ሁለት የጡንቻ ንብርብሮች፤ የውስጠኛው አንጀቱን ዙሪያውን ይከበዋል፣ የውጪው በቁመቱ ተዘርግቷል፣ ምግቡን እየገፉ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ደግሞ ትልልቅ ኒውክለስ ያላቸው የነርቭ ህዋሳት ጎጆ ጎጆ ሰርተው ታገኛለሽ። አራቱም ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ። መጽሐፍ ግን እያንዳንዱን ለየብቻው ስሎ ነው የሚያሳየን፤ ሰውነት ውስጥ ብቻውን የሚኖር አንድም የለም።

ለነገሩ ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕም ግድ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣቪየር ቢሻ (እ.ኤ.አ. 1771–1802) ማይክሮስኮፕን አያምነውም ነበር። አስከሬን እየከፈተ፣ የወሰደውን እየቀቀለ፣ እያደረቀ፣ አሲድ ውስጥ እየነከረ 21 ዓይነት ህብረ ህዋስ ለየ። የሞተው በ30 ዓመቱ ነው። እኛ ወደ አራት አጠፍናቸው፤ አንዳንድ ቀን የእሱ ይሻል ነበር እላለሁ።

የወደፊቷ ነርስ፦

እግዜር ይስጥልኝ! የአንጀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ «መካከሉን እዪ» ካሉኝ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ጉዳት ሲደርስ አንዱ ቶሎ ይድናል፣ ሌላው ዓመት ይፈጃል። ይህም ከዚያው የሚመጣ ነው? ልብንም ረስተውብኛል።

ወገብና ጉልበት፦

ይህ የእኔ ሰፈር ስለሆነ ልግባበት፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማትሪክሱ አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ መዳኑን ግን ይበልጥ የሚወስኑት የደም አቅርቦቱና የሚባዛ ህዋስ መኖሩ ናቸው።

ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን እያነከሱ ይመጣሉ እንበል። አንዱ የባት ጡንቻው ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክፉ ወለምታ አለው። ሁለቱም «ስንት ቀን ነው?» ይሉኛል። ጡንቻ ደም የሞላበት ነው፣ ከክሮቹ ጎንም ሳተላይት ሴል የሚባሉ ተጠባባቂ ህዋሳት አሉ፤ ሲጎዳ ነቅተው ይባዛሉ። ስለዚህ ቀለል ያለ ጉዳት በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። በወለምታ የሚጎዳው ሊጋመንት፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ማሰሪያ፣ ግን ደሙ ጥቂት፣ ህዋሱም ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሚዘረጋው ኮላጅን ደካማና የተዘበራረቀ ነው፤ በሚጠነክረው ዓይነት እየተተካ በሚሳብበት አቅጣጫ እስኪሰደር ወራት ይወስዳል። ህመሙ ቀድሞ ስለሚጠፋ ሰውየው «ዳንኩ» ብሎ ይሮጣል፣ እንደገና ይጠመዘዛል። ከታካሚ ጋር ብዙ የምከራከረው በዚህ ነው። ልክ ያለ እንቅስቃሴም የግድ ነው፤ ክሮቹ የሚሰደሩት ጫናው በሚመጣበት አቅጣጫ ነውና ሙሉ በሙሉ አስሮ ማስቀመጥም አያዋጣም።

ልም አጥንት የባሰበት ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያለው ደም ስርም ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስትረግጪ ፈሳሹ ይጨመቃል፣ ስታነሺ ይመጠጣል። ነርቭ ስለሌለው እያለቀ እንኳን ራሱ አያምም፤ ህመሙ የሚመጣው ከስሩ ያለው አጥንትና ዙሪያው ሲነካ ነው፣ ያኔ ደግሞ ብዙው አልቋል። አጥንት በአንጻሩ ደም የጠገበ ነው። ሲሰበር በጠባሳ ሳይሆን በአጥንትነቱ ነው የሚጠገነው፣ እንዲያ ከሚሆኑት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ነርቭ? ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያለ ነርቭ ተቆርጦ ከተሰፋ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ይችላል። ክርኑ አጠገብ ከተቆረጠ እስከ ጣት ጫፍ 400 ሚሊሜትር ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ መጠበቅ ነው። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ግን አካባቢው ራሱ እድገቱን ያግደዋል፤ የተቆረጠው መልሶ አይገናኝም ማለት ይቻላል።

ለምን ሆነ፦

ስላይድ ቆራጩ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ማትሪክስ ህዋስ አይደለም። ስለዚህ ሙት ነገር ነው ማለት አይደለም? አንዴ ተሰርቶ የተቀመጠ መደገፊያ ህይወት ያለው ህብረ ህዋስ ዋና ክፍል ነው ሲባል ይከብደኛል።

ስላይድ ቆራጩ፦

አንዴ ተሰርቶ ቢቀመጥ ኖሮ ልክ ነበርክ። ግን ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሰራ ነው። አጥንትን ብንወስድ አዋቂ ሰው ላይ በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል፤ አንድ ዓይነት ህዋስ ይበላዋል፣ ሌላው ይሞላዋል።

ይበልጥ የሚያሳየው ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነው። ህዋሳት ጠንካራ ኮላጅን ለመስራት ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋቸዋል። በጥንት ረጅም የባህር ጉዞ ላይ መርከበኞች ለወራት ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ሳያገኙ ሲቀሩ ድዳቸው ይደማ፣ ጥርሳቸው ይነቃነቅ ነበር፤ ከዓመታት በፊት የዳነ የቁስል ጠባሳም ተመልሶ ይከፈት ነበር። የድሮው ጠባሳ ሙት ነገር ቢሆን ቫይታሚን ምን ያደርግለታል? ፈርሶ የሚሰራ ስለሆነ ነው፤ ማፍረሱ ሲቀጥልና መስራቱ ሲቆም ይከፈታል። ጄምስ ሊንድ የሚባለው የእንግሊዝ ባህር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው፤ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ቶሎ ተነሱ። የቫይታሚኑ ማንነት የታወቀው ግን ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እህቴ፣ ልብን አልረሳሁትም። ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዓይነት ጡንቻ ነው። አግድም መስመሮቹ የሚመጡት የሚኮማተሩት ፕሮቲኖች ውስጡ ረድፍ ይዘው ስለተደረደሩ ነው፤ ይህ አደራደር ፈጣንና ብርቱ ምት ይሰጣል። ልብም ክንድም ይህን ይፈልጋሉ። ጨጓራና አንጀት ግን ቀስ ብሎ ተኮማትሮ በትንሽ ጉልበት ረጅም ጊዜ መቆየት ነው የሚፈልጉት፤ ፕሮቲኖቹ እንደዚያ አልተሰለፉም፣ ስለዚህ ለስላሳ ጡንቻ ይባላል። የልብ ህዋሳት ደግሞ ቅርንጫፍ አውጥተው ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመዋል፣ መጋጠሚያቸው ላይ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል። አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱም ይነሳል፣ እንዲያ እያለ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ይመታል። ወገብና ጉልበት ስለተጠባባቂ ህዋስ ያነሳው ነጥብ እዚህ ያሳዝናል። የልብ ጡንቻ ህዋሳት በዓመት የሚታደሱት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። የደም ስር ተዘግቶ የሞተው ቦታ በጠባሳ ይሞላል፤ ጠባሳው ግድግዳውን ይይዛል፣ አይመታም። የልቡ ደም ስር ተዘግቶበት የተረፈ ሰው ልብ ስላይድ ላይ ስታዪ ጡንቻው መሃል ኮላጅኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የወደፊቷ ነርስ፦

አሁን ልብ ገባኝ፣ ስከርቪውም አስገረመኝ። የመጨረሻ ጥያቄ ናት፣ አትቆጡኝ፤ በእርስዎ መንገድ ነርቭ ህብረ ህዋስ ላይ መካከሉን ሳይ ምን ላገኝ ነው?

ስላይድ ቆራጩ፦

ምን ያስቆጣል። አንጎልን ማይክሮስኮፑ ብዙ ሳያጎላው ስታዪው ኒውክለሶች ተራርቀው መካከላቸው ሮዝ ሜዳ ይመስላል፣ ተማሪም «ኮኔክቲቭ ነው» ይላል። አይደለም። ሮዙ ማትሪክስ ሳይሆን የህዋሳቱ የራሳቸው ክሮች ናቸው፣ እርስ በእርስ ተጠላልፈው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል ኒውሮኖች አሉት፤ ግሊያ የሚባሉት አጋሮቻቸውም በቁጥር ይቀራረባሉ። ኒውሮኑ መልእክቱን ያደርሳል፣ ግሊያው ይመግበዋል፣ ቆሻሻውን ያነሳለታል፣ ክሩን በማይሊን ይጠቀልልለታል። ማይሊን የተጠቀለለ ክር መልእክቱን በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሊያደርስ ይችላል፤ ያልተጠቀለለው ቀጭኑ ግን በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው። ጣትሽ ሲመታ መጀመሪያ ስል ህመም፣ ቆይቶ ደግሞ የሚያቃጥለው የሚመጣው ሁለቱ በተለያየ ክር ስለሚጓዙ ነው።

ኮላጅን አንጎሉ ውስጥ ከደም ስሮቹ ግድግዳ በቀር እምብዛም የለም። የሚደግፈው ኮኔክቲቭ ከውጭ የተጠቀለለበት ሽፋን ነው። ስለዚህ ትኩስ አንጎል ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት በራሱ ክብደት ይተኛል፣ ቢላ ሲያርፍበትም ይዛባል። እኛም ወዲያው አንቆርጠውም፤ ከስሩ ባለው ደም ስር ክር አሳልፈን ባልዲ ፎርማሊን ውስጥ በአፍጢሙ እናንጠለጥለውና ሁለት ሳምንት ያህል እስኪጠጥር እንጠብቃለን።